ሳልልክልዎ የደረሰዎት

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለጌድዮን፣ ሻርጃ።

ወንድም ጋሼ፣ እንዴት ከረሙ? ጤናዎ እንዴት ነው? ያ ወንበር ላይ ብዙ ሲቀመጡ የሚይዝዎ ወገብዎ ተሻለው ወይስ ዛሬም ያንገላታዎታል? ሙቀቱስ በረድ አለላችሁ? ባለቤትዎ ሳያት እንዴት ናት? እንደ ሰው የምታርፍበት ቀን አገኘች? ልጃችሁ ማሙሽስ አድጎ ይሆን? በስልክ ስሰማው ድምፁ ወደ ጎረምሳነት ዳር ዳር ብሏል። አማርኛው እንዳይጠፋበት አደራ፤ ኦሮምኛውንማ ገና ሳይጀምረው ነው የሄደው።

እኛ በዚህ በኩል እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬ ክረምቱን ጉልበቷ ሲያስቸግራት ቆይቶ ፀሐይ ከወጣ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ መመለስ ጀምራለች። ዘንድሮ ዝናቡ አልለቅ ብሎን ነበር፤ መስቀልን በጭቃ ነው የዋልነው። አሁን ቡናው ቀልቶ ለቀማ ተጀምሯል። መቱ ከተማው በሰውና በጭነት መኪና ተጨናንቋል፤ አቧራው ደግሞ ዝናቡን የሚያስናፍቅ ነው። የጎረቤታችን ልጅ ዲበኩሉ ለሥራ ወደ እናንተ ስለሚመጣ ይህን ደብዳቤ በእጁ ሰድጄልዎታለሁ። እማዬ የላከችውን በርበሬና ሽሮም ይዞላችኋል።

ሰላምታዬን እዚህ ላይ ላቁምና ወደ ነገሬ ልግባ፤ ሳልናገረው ብቀር ሆዴ ውስጥ ይሻግታል። ነገሬ የላኩልኝ ላፕቶፕ ነው። ባለፈው በስልክ ልጠይቅዎ ስጀምር እርስዎ ሳቁ፣ እኔ ጮህኩ፣ ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። የተቋረጠው በኔትወርኩ ይሁን በእርስዎ እጅ አላውቅም። ስለዚህ ማንም ሳያቋርጠኝ ከሥሩ እጽፍልዎታለሁ፤ እርስዎም እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ።

ላፕቶፑ የመጣልኝ ጊዜ እንዴት እንደ ፈነደቅሁ ያስታውሳሉ። «ሁሉን አስተካክዬልሻለሁ፤ ያንቺ ሥራ መጻፍ ብቻ ነው፤ ውስጡን እንዳትነካኪው» ብለውኝ ነበር። እኔም አልነካካሁትም። በእሱ ተማምኜ ነው ከሙፊዳ ጋር ወደ መናኸሪያው በሚወስደው መንገድ ዳር አንዲት ክፍል የተከራየነው። ሙፊዳን ያውቋታል፤ የጋሽ መሀመድ ሰዒድ ልጅ ናት። አባቷ በሰባ ሰባት ከወሎ በሰፈራ ሲመጡ አባታችን ናቸው የመጀመሪያውን ጎጆ አብረው ያቆሙላቸው። እሷ በበሩ በኩል ኮፒ ማሽንና ጉርድ ፎቶ፣ እኔ በውስጥ በኩል ጽሕፈትና ትርጉም። ከዳሪሙ፣ ከኖፓ፣ ከየገጠሩ ሰው ይመጣል፤ ጉዳዩን በኦሮምኛ ይነግረኛል፣ እኔ ወግ አስይዤ እጽፋለሁ። አንዳንዱ ከአያቱ የወረሰውን የአማርኛ ወረቀት በፌስታል ጠቅልሎ ያመጣል፤ መሥሪያ ቤቱ በኦሮምኛ ስለሚፈልገው እተረጉምለታለሁ። ሥራው ጥሩ ነበር። ሰዉም «የሁለቱ ልጆች ቤት» እያለ ይጠራን ነበር።

ችግሩ የጀመረው በኢንተርኔቱ ነው። ሲም ካርድ የምትጎርሰውን ትንሽ የዋይፋይ ዕቃ ገዝቼ የወር ጥቅል እሞላለሁ፤ ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል። ድጋሚ እሞላለሁ፤ ያልቃል። እኔ ከጽሑፍና ከኢሜይል በቀር የምሠራበት ነገር የለም። አንድ ባለጉዳይ ፊቴ ቁጭ ብሎ፣ ሰነዱ ሊላክ «እሺ» የሚለውን ስጫን፣ ጥቅልዎ አልቋል የሚል መልእክት ሲመጣብኝ እንዴት እንደሚያናድድ ልነግርዎ አልችልም። ሙፊዳም በስልኳ ያንኑ ዋይፋይ ትጠቀማለች። በትርፍ ሰዓቷ የቱርክ ድራማ ስለምታይ በልቤ እሷን ወቀስኳት፤ በአፌ ግን አላወጣሁትም።

በዚህ መሀል ጅማ ውስጥ ለሴቶች በነፃ የሕግ ምክር የሚሰጥ መሥሪያ ቤት ተርጓሚ እንደሚፈልግ ሰማሁ። ያውቁኛል፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የምመኘው እንዲህ ያለ ሥራ ነው። ማመልከቻዬን ጻፍኩ፤ ለሙፊዳ ብቻ ነገርኳት። ለእማዬ እስኪሳካ ድረስ ዝም ልበል ብዬ ነው፤ ጉልበቷ እያመማት ሳለ ጥያት ልሄድ ያሰብኩ እንዳይመስላት። እርስዎም እንዳይጨነቁ ዝም አልኩ። ከዚያ እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ እማዬ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ምን ሆንሽ ስላት «ጌድዮን ደወለልኝ፤ ጅማ ልትገቢ ነው አሉ። አባትሽ ጥሎኝ ሄደ፣ ወንድምሽ ባሕር ተሻገረ፣ አንቺ ደግሞ ተደብቀሽ ልትሄጅ?» አለችኝ። መግቢያ ጠፋኝ፤ እግሯ ላይ ወድቄ አልሄድም አልኳት። በማግሥቱ ለጅማዎቹ ደውዬ ስሜን አስወጣሁ። ስልኩን ያነሳችው ሴት «እርግጠኛ ነሽ? ለፈተና ከተመረጡት ውስጥ ነሽ እኮ» አለችኝ። እርግጠኛ ነኝ አልኩ። አልነበርኩም።

ታዲያ ወንድም ጋሼ፣ የነገረዎት ማን ነው ልበል? የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሙፊዳ ላይ ዘለልኩባት። ባለጉዳይ በተቀመጠበት «ከአንቺ በቀር የሰማ የለም፤ ወንድሜ ጆሮ ያደረስሽው አንቺ ነሽ» አልኳት። መጀመሪያ የምቀልድ መስሏት ፈገግ አለች። ከዚያ «ወላሂ ከአፌ አልወጣም፤ የወንድምሽን ስልክ ቁጥር እንኳ የት አውቄው?» አለች። እኔ ግን አንዴ ተነስቶብኛል፤ «ጥቅሉንም የምትጨርሺብኝ አንቺ ነሽ፤ ዝም ስል ሞኝ መሰልኩሽ» ብዬ ያቆየሁትን ሁሉ አፈሰስኩባት። ሙፊዳ አልተሳደበችም። የያዘችውን የሰው ፎቶ ቆርጣ ጨርሳ ለባለቤቱ ሰጠች፣ ኮፒ ማሽኑን በጨርቅ ሸፈነች፣ ወጥታ ሄደች። በማግሥቱ ከአጎቷ ልጅ ጋር መጥታ ማሽኑን የጎሬ ሚኒባስ ላይ አስጫነች። ጎሬ እህቷ ሱቅ አላት። ደህና ሁኚ ሳትለኝ ነው የሄደችው። እኔም አልተከተልኳት፤ ትሂድ ነበር ያልኩት።

እሷ ከሄደች በኋላ አዲስ ጥቅል ሞላሁ። አሁን ዋይፋዩን የምጠቀመው እኔ ብቻ ነኝ፤ የይለፍ ቃሉንም ቀይሬዋለሁ። እሱም ወሩ ሳይጋመስ አለቀ። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ያን መልእክት ደጋግሜ አነበብኩት። ድራማ የሚያይ የለም፤ ሙፊዳ ጎሬ ናት፤ ታዲያ ማን በላው?

ላፕቶፑን ይዤ ጭምዴሳ ዘንድ ሄድኩ። ጭምዴሳ ኮሌጅ ኮምፒዩተር የሚያስተምር ነው፤ እርስዎ ከሄዱ በኋላ ነው ወደ ሰፈራችን የመጣው፤ እናቱ ከእማዬ ጋር ቡና ይጠጣጣሉ። ቫይረስ ነው አለና ፈተሸው፤ ምንም አላገኘም። «እንግዲህ ተለቅ ያለ ጥቅል ግዢ» ብሎ ሸኘኝ። ምክሩን ሰምቼ ተለቅ ያለ ገዛሁ፤ እሱም አለቀ። ተመልሼ ሄጄ «አንተ የምታስተምራቸው ልጆች ያሳዝኑኛል» አልኩት። ሳቀና ተቀመጠ። አሁን የፈተሸው በሌላ በኩል ነው፤ እያንዳንዱ ፕሮግራም ምን ያህል እንደሚያስገባና ምን ያህል እንደሚያስወጣ የሚታይበትን ከፈተ። ትንሽ አየና «ኑኃሚን፣ የሚገባው ጥቂት ነው። የሚወጣው ነው ይህን ሁሉ የሚበላው። ምንድነው እንዲህ የምትልኪው?» አለኝ። ምንም አልኩት። «ማሽኑ ግን ይልካል» አለ።

እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ የማስበው ከውጭ ስለሚገባ ክፉ ነገር ብቻ ነበር። ከውስጥ ወደ ውጭ ስለሚሄደው ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ጭምዴሳ አንድ ፕሮግራም ጫነልኝ። ሥራው መጠየቅ ነው። ላፕቶፑ ውስጥ ያለ ማንኛውም ነገር ወደ ኢንተርኔት ልውጣ ሲል ያስቆመውና «ይህ ወደዚህ አድራሻ ሊሄድ ነው፤ ልፍቀድለት ወይስ ልከልክለው?» እያለ ስክሪኑ ላይ ብቅ ይላል። «አንዴ የፈቀድሽለት ሁልጊዜ ያልፋል፤ የከለከልሽው አያልፍም፤ እያየሽ ወስኚ» ብሎኝ ሄደ። ለማለት ቀላል ነው። በዚያ ሳምንት ያየሁትን ፍዳ ግን ለጠላቴም አልመኝ።

ላፕቶፑን ስከፍተው ይጠይቀኛል፣ ሳልተነፍስ ይጠይቀኛል፣ አንድ ቃል ስጽፍ ይጠይቀኛል። ስማቸውን ሰምቼ የማላውቃቸው ነገሮች ከዚያ ውስጥ እየተነሱ ልውጣ ልውጣ ይላሉ። የሰፈር ልጅ ሁሉ ተሰብስቦ በሬን የሚደበድብ መሰለኝ። ሲሰለቸኝ ሁሉንም ከለከልኩ። ወዲያው ኢሜይሉ አልሄድ አለ፣ የምተማመንበት መዝገበ ቃላት አልከፍት አለ፣ አንዲት ባለጉዳይ ሰነዷን ይዛ ከሰዓት በኋላ እንድትመለስ ለመንኳት። ተናድጄ ሁሉንም ፈቀድኩ፤ ጥቅሉ እንደ ውኃ ይፈስ ጀመር። እንደገና ከለከልኩ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ እፎይ አልኩ፤ መብራት ጠፋ ብዬ ስደሰት የመጀመሪያዬ ነው። ጭምዴሳን እየደወልኩ «ይህስ ማነው? ያኛውስ?» ስለው እሱም የማያውቃቸው ነበሩ። «አሳይኝ እስኪ» እያለ ይመጣል፤ ከኔ እኩል ጭንቅላቱን ያካል። እንዲህ እየተነታረክን ቀስ በቀስ ለየናቸው።

ልንለየው ያልቻልነው አንድ ቀረ። ስሙን ሲያዩት የኮምፒዩተሩ የራሱ ክፍል ይመስላል፤ ነገር ግን የሚሄደው ማንም ወደማይሄድበት አድራሻ ነው። የሚነሳውም እኔ ስጽፍ ነው። ስቆም ይቆማል፣ ስጀምር ይጀምራል። ከለከልኩት። ከዚያ በኋላ ጥቅሉ ረጋ፤ ላፕቶፑም ቀለለው። እሰይ ብዬ ሳልጨርስ እርስዎ ደወሉ። ረስተውት እንደሆነ ላስታውስዎ፤ ሰላምታ እንኳ ሳይጨርሱ «ላፕቶፑ ደህና ነው? አልሠራ አለሽ እንዴ?» አሉኝ። ደህና ነው፤ ለምን ጠየቁኝ ብልዎ «እንዲያው ዝም ብዬ» አሉ። ወንድም ጋሼ፣ ላፕቶፑን ከላኩልኝ ጀምሮ ስለ ደህንነቱ ጠይቀውኝ አያውቁም።

ለጭምዴሳ ነገርኩት። የፕሮግራሙን ማኅደር ፈልጎ ከፈተው። ውስጡ የስክሪኔ ፎቶ ተደርድሯል። የጻፍኩት ማመልከቻ፣ ለጓደኛዬ የላክሁት ኢሜይል፣ የባለጉዳዮቼ ሰነድ፣ ሳልጨርስ የሰረዝኩት ዓረፍተ ነገር ሳይቀር። ቀደም ብሎ የሄደውም፣ ሊሄድ ተሰልፎ መውጫ ያጣውም ነው ያ ሁሉ። ጭምዴሳ «ይህን ያዘጋጀልሽ ማነው?» አለኝ። ወንድሜ ነው አልኩት። ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰና «ሌላ ሰው ሊሆንም ይችላል፤ በወንድምሽ ላይ አትፍረጂ» አለ። እኔም እንደዚያ እንዲሆን ፈለግሁ። እውነቴን ነው፤ ሌባ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ ፈተንኩዎት። ክልከላውን አነሳሁና ባዶ ገጽ ላይ ለማንም ያልሆነ ነገር ጻፍኩ፤ «ላፕቶፑን ልሸጠው ነው፤ ኖፓ ያለ ነጋዴ ሊገዛኝ ተስማምተናል» የሚል። ለእማዬ አልነገርኩ፣ ለጭምዴሳ አልነገርኩ፣ ለማንም አልላክሁ። ጻፍኩ፣ ትንሽ ቆየሁ፣ ሰረዝኩት፤ ተነስቼ ምሳ ልበላ ወጣሁ። ገና እጄን ታጥቤ ስቀመጥ ስልኬ ጮኸ። «ያን ላፕቶፕ ለማንም እንዳትሸጪ! ገንዘብ ከቸገረሽ ለኔ አትነግሪኝም?» አሉኝ። ወጡ ፊቴ ቀረበ፤ አልበላሁም። ማን ነገረዎት አልኩዎት። ከዚያ ነው የሳቁት። «ሲበላሽብሽ ከሩቅ ሆኜ እንድጠግንልሽ ነው ያስገባሁት» አሉ። ከዚያ እኔ ጮህኩ፣ መስመሩም ተቋረጠ።

እሺ፣ ለጥገና ይሁን። ጥቅሉ እያለቀ ስቃጠል ስንት ጊዜ አልቅሼልዎታለሁ? አንድ ቀን እንኳ ጠግነውልኛል? የጅማውን ማመልከቻ ማንበብ የቱን ብልሽት ለመጠገን ነው? እማዬ «ለአንቺ ብሎ ነው፤ አባት ሆኖ ስላሳደገሽ ነው» ትለኛለች። እሱን አልክድም። አባታችን ሲያርፉ ትምህርትዎን አቋርጠው እኔን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። አንተ ብዬ እንዳልጠራዎት እማዬ የከለከለችኝም ለዚሁ ነው፤ ይኸው ዛሬ ተናድጄም እንኳ እርስዎ እያልኩ ነው የምጽፍልዎ። ነገር ግን ያሳደገ ሰው ይጠይቃል እንጂ አጮልቆ ያያል? ቢጠይቁኝ እኮ እነግርዎ ነበር። ምናልባት ተቆጥተውኝ እንከራከር ነበር፤ ተከራክረን ደግሞ እንስማማ ነበር።

ይህ በእኔ ብቻ ቢቀር ምናልባት ዝም እል ነበር። ከዳሪሙ ኢብሴ የምትባል ሴት ለጉዳይዋ ወደኔ ትመላለሳለች። ጉዳይዋ ምን እንደሆነ እዚህ አልጽፈውም፤ እርስዎ ግን ሳያነቡት አይቀሩም። ለወንድሞቿ እንኳ ያልነገረችውን ነው በሩን አስዘግታ ያጻፈችኝ። ያ ሁሉ ስክሪኔ ላይ ነበር። ልደብቃት አስቤ ነበር፤ ማን ያውቅብኛል ብዬ። አልቻልኩም፤ ነገርኳት። «ወንድምሽ ኦሮምኛ ያነባል?» አለችኝ። ያነባል አልኳት። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አደረገችና «ማሎ ኦቦሌቲ ኮ፣ እኔ እኮ አንቺ ብቻ ነሽ የሰማሽኝ ብዬ ነው» አለች። እባክሽ እህቴ ብላ እየጠራችኝ ነው ይህን ያለችኝ። አልተቆጣችም። የታተመውን ወረቀቷን ለቃቅማ ጡቷ ሥር ከተተችና ተነሳች። ሌላ ቦታ በእጅ ልታጽፈው ሄደች። እስከ መናኸሪያው ልሸኛት ስል እጇን አወናጭፋ መለሰችኝ። ወንድም ጋሼ፣ የዚህች ሴት ፊት ከዓይኔ አልጠፋ ብሏል። እርስዎ እህትዎን ሊጠብቁ ነበር፤ እሷን ማን ይጠብቃት?

ከዚያ ጎሬ ወጣሁ። በሚኒባሱ ውስጥ የምለውን ስደረድር ሄጄ ሱቁ በር ላይ ስደርስ ሁሉም ጠፋብኝ። ሙፊዳ ለሰው ኮፒ እያደረገች ነበር። አይታኝ ሥራዋን አላቋረጠችም። ሰውየው ሲወጣ ነገሩን ሁሉ ነገርኳት፤ ስለ ጥቅሉ፣ ስለ ፎቶው፣ ስለ ኖፓው ነጋዴ። ይቅር በይኝ አልኳት። ሰምታ ሰምታ «ስለዚህ ማሽኑ መሰከረልኝ ማለት ነው» አለች። አዎ አልኩ። «እኔ በአላህ ስምልልሽ አላመንሽኝም፤ ማሽን ሲመሰክርልኝ ነው ያመንሽኝ» አለች። እውነቷን ነው። ወንበር አወጣችልኝ፣ ለስላሳ አስመጣችልኝ፣ ስለ እማዬ ጉልበት ጠየቀችኝ። ጠልታኝስ አይደለም። ወደ መቱ ተመለሽ፣ ክፍሏ እንዳለች ናት ስላት ግን ራሷን ነቀነቀች። «አባቴ የሚሉትን ልንገርሽ» አለች። ጋሽ መሀመድ ሰዒድ ያን ቀን የሆነውን ከባለጉዳዮቹ ሰምተዋል። «ከነ ጌድዮን ቤት ልጄ ወሬ አመላላሽ ተብላ ወጣች» እያሉ ሰው አላወራም ብለው ተቀምጠዋል። የአባታችን ወዳጅ ናቸው፤ በአባታችን ለቅሶ ከእርስዎ ጎን የቆሙት እሳቸው ናቸው። ቅሬታቸው እስኪሽር ሙፊዳ እግሯን ወደ መቱ አታነሳም። እኔ ቤታቸው ሄጄ ነበር። ተቀበሉኝ፣ ቡና ጠጪ አሉኝ፣ ፊቴን ግን አላዩትም። «ልጄ፣ አንቺ ተሞኝተሽ ነው። ያወቀው ሰው ግን አልተሞኘም፤ እሱ ይንገረኝ» አሉኝ።

ስለዚህ የምጠይቅዎ አንድ ነገር ነው። ለጋሽ መሀመድ ሰዒድ ይደውሉ። ሽማግሌ አይላኩ፣ በእማዬ በኩል አያስብሉ፣ በእኔም አያሳብቡ። የጅማውን ነገር ከሙፊዳ እንዳልሰሙ፣ ከየት እንደሰሙት በራስዎ አፍ ይንገሯቸው። እንደሚያፍሩ አውቃለሁ። እኔም አፍሬ ነው ጎሬ የወጣሁት። ቁጥራቸውን ከወረቀቱ ጀርባ ጽፌዋለሁ።

ያን ፕሮግራም ከጭምዴሳ ጋር ሆነን ነቅለን ጥለነዋል፤ ፎቶዎቹም ተሰርዘዋል። እዚያ እርስዎ ዘንድ ያለውን ደግሞ እርስዎ ያጥፉት፤ በተለይ የኢብሴን። አጠፋሁት ብለው ቢጽፉልኝ አምንዎታለሁ። ላፕቶፑን አልመልስም፤ እንጀራዬ ነው፤ ስለላኩልኝም ዛሬም አመሰግንዎታለሁ። ጠያቂውን ፕሮግራም ግን አላነሳሁትም። አሁንም ያሰለቸኛል፣ አሁንም አንዳንዱን በስህተት ከልክዬ ግማሽ ቀን እደክማለሁ፤ ቢሆንም ከእኔ ቤት የሚወጣውን እኔ እያየሁ ይውጣ ብያለሁ።

አንድ ወሬ ቀረኝ። የጅማው ቦታ ለሌላ ተሰጥቷል፤ ደውዬ አረጋግጫለሁ፤ ያቺው ሴት «ምነው በጊዜው?» አለችኝ። ሳመሰግናት በደሌ ላይ እንዲሁ ዓይነት ቢሮ ከገና በኋላ ሊከፈት እንደሆነ ነገረችኝ። አመልክቻለሁ። ለእማዬ ቁርስ ላይ ራሴ ነገርኳት። እንደፈራሁት አላለቀሰችም። ሻይዋን ጠጥታ ጨርሳ «በደሌማ ቅርብ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጫለሽ። እኔን ያስለቀሰኝ መደበቅሽ ነበር» አለች። ቢቀበሉኝ እሄዳለሁ። ከእማዬ ቀጥሎ ይህን የሰሙት እርስዎ ነዎት፤ የነገርኩዎትም እኔ ነኝ።

ሳያትን በጣም አድርገው ይሳሙልኝ። ይህን ደብዳቤ ብታነበው አልከፋም፤ የእሷንም ፍርድ መስማት እፈልጋለሁ። ማሙሽን ጉንጩን ይሳሙልኝ፤ አክስትህ «ስትመጣ የሶርን ፏፏቴ አሳይሃለሁ» ብላሃለች ይበሉት። እማዬ ሁላችሁንም ደረቷ ላይ አድርጋ ትስማለች፤ ለወገብዎ ቅባት ለዲበኩሉ ሰጥታዋለች፤ ማታ ማታ ይታሹበት ብላለች። ጭምዴሳ እርስዎን ባያውቅዎም ሰላም በይልኝ ብሏል። እኔም ከነቁጣዬ እወድዎታለሁ።

እህትዎ ኑኃሚን
መቱ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.